ሰልፉ፣ ሳይክሉና ራምፑ፦ ከአንድ የአዳማ ሕፃናት ማቆያ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ መነሻ

ማቆያችን አዳማ፣ ፍራንኮ ከሚባለው አካባቢ ገባ ብሎ ያለ የኪራይ ግቢ ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 31 ልጆች አሉን። አራት ሞግዚቶች፣ አንዲት ወጥ ቤትና አንድ ዘበኛ አሉ። እኔ አስተባባሪ ነኝ።

ሁለት ነገር ተገጣጠመ። ወላጆች ማታ ማታ ጭረትና የንክሻ ምልክት እያሳዩ ማኩረፍ ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ የምትገባ የ4 ዓመት ልጅ ተመዘገበች። ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፣ በአእምሮ ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ተይዛ እንጂ ብቻዋን አትሄድም፣ ራቅ ላለ ቦታ ተሽከርካሪ ወንበር ትጠቀማለች፣ እኛ ጋሪ እንለዋለን። ቃል ለማውጣት ጊዜ ይወስድባታል። የሚባለው ግን ሁሉ ይገባታል። በረንዳችን ጋር የሚያደርሰው ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው።

የማቆያው ባለቤት "25,000 ብር አለሽ፣ ከዚያ በላይ እንዳታስቢ" አለችኝ። ማስታወሻው የተጀመረው ለወጪ መቆጣጠሪያ ነበር።

ልጆቹን በስም አልጽፍም። እያንዳንዳቸው ቦርሳ መስቀያቸው ላይ የእንስሳ ሥዕል ተለጥፎላቸዋል። በሱ እጠራቸዋለሁ። አዲሷ ልጅ ቀጭኔን መርጣለች።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ መመዝገብ ብቻ

ምንም ሳንነካ መጀመሪያ እንመዝግብ አልን። አንድ ደብተር በክር ከእስክሪብቶ ጋር አስረን ኮሪደሩ ላይ ምስማር መትተን ሰቀልነው። ሦስት አምድ አለው፦ ከጠቡ በፊት ምን ነበር፣ ምን ተደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። ከላይ ሰዓትና ቦታ ይጻፋል።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች የማይረቡ ነበሩ። "አንበሳ ዛሬም በጠበጠ።" "ዝሆን ጉልበተኛ ነው።" ከዚህ ምን ይወጣል? ደንብ አወጣን፦ ካሜራ የሚያየውን ብቻ ጻፉ። "ባለጌ"ን ካሜራ አያይም። "ዝሆን ጥንቸልን በግራ እጁ ገፋት፣ ሳሙናው ወደቀ" ግን ይታያል። ከሞግዚቶቹ አንዷ ይህን ስትሰማ "እና እኔ የት ነበርኩ ብዬ ልጽፍ ነው?" ብላ ሳቀች። አዎ አልናት። አራተኛ አምድ ተጨመረ፦ አዋቂዋ የት ነበረች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ዘርግተን ቦታና ሰዓቱን በባለቀለም እስክሪብቶ ከበብን። እኔ የጠበቅሁት በልጆች ስም እንዲከመር ነበር። የተከመረው በቦታ ነው። ከምሳ በፊት፣ 6 ሰዓት ላይ፣ እጅ መታጠቢያው ጋ ያለው ሰልፍ ከሁሉም ይበልጣል። ቀጥሎ ብቸኛው ባለሦስት እግር ሳይክል። ከዚያ 9 ሰዓት ላይ፣ ከእንቅልፍ ተነስተው መክሰስ እስኪመጣ። ጠባቡ የኮሪደር በርም አለ። ሜዳ ላይ ልቅ ሆነው ሲጫወቱ የተጻፈው ጠብ በጣት የሚቆጠር ነው።

አንበሳ የሚባለው ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነው፣ የሚናከሰው እሱ ነው። የሱ ንክሻዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ሰልፉ ላይ ናቸው። ከፊቱም ከኋላውም ሰው ተጠግቶት።

ስለዚህ ሥራው ከልጁ ሳይሆን ከቧንቧው ይጀምራል።

ሁለተኛው ሳምንት፦ እጅ መታጠቢያው

አንድ ቧንቧ፣ 31 ልጅ። መጨረሻ ላይ የቆመው ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ያውም ርቦት፣ የወጡ ሽታ እየመጣበት። የሦስት ዓመት ልጅ ያን ያህል ዝም ብሎ መቆም አይችልም። ራስን የመግታት አቅሙ ገና በመገንባት ላይ ነው። ወረፋ ማለት ደግሞ ለሱ የማይታይ ነገር ነው። እኛ አዋቂዎቹ እንኳን ባንክ ቤት ምን እንደምንሆን እናውቃለን።

ሁለት ባለቧንቧ ባልዲዎች ገዝተን አሮጌ አግዳሚ ላይ አስቀመጥን። ሳሙናውን ካልሲ ውስጥ ከትተን በገመድ አንጠለጠልነው። አይወድቅም፣ አይጠፋም፣ አረፋም ይሰጣል። ልጆቹ በአንድ ጊዜ መሄዳቸው ቀረ። በጠረጴዛ፣ በጠረጴዛ ይነሳሉ። የቀሩት ተቀምጠው ይዘፍናሉ።

የተበላሸው፦ አንደኛው ባልዲ ቧንቧው ሥር ያፈሳል። ጎሚኒው፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያው፣ ቀጭን ነው። በሁለተኛው ቀን ወለሉ ሸርተቴ ሆነና አንዲት ልጅ ወደቀች፣ ደግነቱ ተቀምጣ ነው የወደቀችው። ጎሚኒውን ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጠን ቀየርነው፣ ከሥሩም ሸካራ የጎማ ምንጣፍ ዘረጋን። ባልዲዎቹ አንድ ያላሰብነው ጥቅም አመጡ፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀንም መታጠቢያው አይቆምም።

ወጪ፦ 1,850 ብር።

የደብተሩ የ6 ሰዓት ገጽ ሳሳ። አንበሳ መንከሱን አልተወም፣ ግን ቀነሰ። ከሱ ጠረጴዛ ጋር የሚነሱት አራት ብቻ ናቸው፣ እሱም መጀመሪያ ነው የሚሄደው።

ስለ ንክሻው፣ ለብቻ

ማታ የሚወስዱት አያቱ ናቸው። ምን እንዳደረገ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"መልሰሽ አትነክሺውም? አንዴ ብትቀምሺው ይተዋል።"

"እማማ፣ እኔ ከነከስኩትማ ትልቅ ሰውም ይነክሳል ብሎ ይማራል።"

"እኛ በርበሬ አቅምሰን ነው ያሳደግነው። ምን ሆኑ? ይኸው እናቱ።"

"እናቱማ ጎበዝ ናት። እዚህ ግን አይቻልም፣ ሕጉም አይፈቅድም።"

አይፈቅድም ስል ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ሲደነግግ፣ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው መብታቸውን በግልጽ አስቀምጧል። አንቀጹን ታይፕ አድርገን ቢሮ በር ላይ ለጥፈነዋል። ከወላጅ ይልቅ ለሞግዚት ይጠቅማል። በደከማት ሰዓት እጇን ከማንሳቷ በፊት ታየዋለች።

ከሁለት ዓመት በታችም ሆነ ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ የሚነክስበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ጥርስ እየወጣበት፣ ቃል አጥሮት፣ ሰው ተጠግቶት፣ ደክሞት። የአንበሳ የኋላ መንጋጋ እየወጣ ነበር። ንጹሕ ጨርቅ አርጥበን ፍሪጅ ውስጥ እያቀዘቀዝን ሰጠነው። ካሮት እንስጠው ያለች ነበረች፣ ለትንሽ ልጅ ስለሚያንቅ ተውነው። ሲነክስ የምናደርገው ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተነከሰውን እናቅፋለን፣ ቁስሉን እናጥባለን። ለነካሹ "መንከስ ያማል፣ 'ራቅ በል' በለው" እንላለን፣ በአጭሩ፣ ሳንጮህ። "ራቅ በል" የሚለውን በእጅ ምልክትም አስተማርነው፣ መዳፍ ወደ ፊት። አሁን ግቢው በሙሉ መዳፉን እየዘረጋ ነው የሚውለው። ወጥ ቤቷ ላይም ጭምር።

ኅዳር፦ ራምፑ

ራምፕ ማለት በደረጃ ፋንታ ጋሪ የሚወጣበት ተዳፋት ነው። የበረንዳው ከፍታ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጋሪ የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ 12 ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 12 ሳንቲ ሜትር መሄድ። ስለዚህ 3 ሜትር ከ84 ያስፈልጋል። ግንበኛው መጥቶ አየና "አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል፣ ሕፃን ናት እኮ፣ ትገፋለች" አለ።

ትገፋለች ማለት ሌላ ሰው ይገፋታል ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ይዛ ለመሄድ እንድትሞክር፣ ጋሪዋንም ራሷ እንድታንቀሳቅስ ነው። በሳንቃና በድንጋይ የሱን ተዳፋት ሠርተን አሳየነው። ጋሪዋን ባዶውን ለቀቅነው። በሩ ድረስ ተንደርድሮ ሄዶ ተጋጨ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ችግሩ ቀጥታ 3.84 ሜትር የሚሆን ቦታ የለንም፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ይመጣል። በኤል ቅርጽ አጥፈን መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ማረፊያ አደረግን። ጠርዙ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ዘቢብ፣ ጎማ እንዳይወጣ። "ዘቢብ" ግንበኛው ነው ያለው፣ እኔ ጠርዝ ነበር የምለው፣ ምን እንደሚባል ዛሬም አልተስማማንም።

ልስኑን ሲጨርስ እንደ መስታወት አለስልሶት ሄደ። በጣም ኮርቶበት ነበር። ረጥቦ ሲፈተሽ ጫማ አይዝም። ሳይደርቅ ቢሆን በሻካራ መጥረጊያ አግድም መቧጠጥ ነበር መፍትሔው። ከደረቀ በኋላ በመሮ ነጥብ ነጥብ እያሉ ማሻከር ሆነ፣ ያም ተጨማሪ የአንድ ቀን ሙያተኛ ነው። ራምፕ የምታሠሩ ካላችሁ፣ ሲለስን አጠገቡ ቁሙ፣ መጥረጊያውንም ይዛችሁ ቁሙ።

ወጪ፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ የእጅ ዋጋና ማሻከሪያው ጨምሮ 11,400 ብር። ከበጀቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባለቤቷ ደረሰኙን አይታ "ለአንድ ልጅ?" አለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ጋሪ ለሚጠቀሙና ደረጃ ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው እንደሚያዝ ነገርኳት። በዚያው ሳምንት ምግብ አቅራቢው የጤፍ ኩንታሉን በራምፑ በእጅ ጋሪ ይዞ ወጣ። እናቶች የሕፃን ጋሪ ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልተነሳም።

ልጆቹ ደግሞ ሳይክሉን ከላይ ለቀቁት። አዲስ የጠብ ቦታ ተከፈተ ማለት ነው። ቀለም ቀብተን ቀስት አሳየን፦ ሳይክል እስከ ማረፊያው ብቻ። ሁለት ቀን ሠራ፣ ከዚያ ተረሳ። በመጨረሻ ማረፊያው ላይ ተከፋች የሆነች አጭር የእንጨት በር ተደረገች።

ወንበሩ

ለቀጭኔ የሚሆን ወንበር አናጢ ቤት ሄደን በቺፕውድ አሠራን። ልጅቷን የሚያክሙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሰጡን መመሪያ ቀላል ነው፦ እግሯ መሬት ወይም መርገጫ ይርገጥ፣ ዳሌና ጉልበቷ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፍ፣ ጠረጴዛው ከክርኗ ትይዩ ይሁን፣ ከግራና ከቀኝ ደጋፊ ይኑረው። ከዚያ እጇ ነፃ ይሆናል። ሰውነቷን ለመያዝ የምታጠፋው ጉልበት ለመጫወቻ ይተርፋታል።

መቀመጫው ጥልቅ ሆኖ መጣ። ጀርባዋ ከመደገፊያው ሳይደርስ ጉልበቷ ስለሚይዛት ወደ ፊት ትንሸራተታለች። ከኋላ ስፖንጅ ሞልተን ሞከርን፣ ስፖንጁ ይጨፈለቃል። መልሰን ወስደን 6 ሳንቲ ሜትር አስቆረጥን። ለመርገጫውም ሦስት ቀዳዳ አስበስተን ቁመቷ ሲጨምር ዝቅ እንዲል አደረግን። 4,300 ለወንበሩ፣ 500 ለማስተካከያው።

የመጣው ሌላ ችግር ግን በአናጢ አይፈታም። ልጆቹ ወደዷት። በጣም ወደዷት። ጥንቸል ጫማዋን ታወልቅላታለች፣ ዝሆን ብስኩቷን ይቆርስላታል፣ ሌላው "እሷ አትችልም፣ እኔ ላድርግላት" እያለ ተራዋን ይወስድባታል። ቀጭኔ ቀኑን ሙሉ እንደ አሻንጉሊት ተንከባክበዋት ትውልና ማታ ላይ ታለቅሳለች። ደብተሩ ላይ "ያለ ምክንያት አለቀሰች" ተብሎ ተጽፏል። የ"አዋቂዋ የት ነበረች" አምድ ግን "አጠገቧ፣ ልጆቹን እያመሰገነች" ይላል።

ሁለት ነገር አደረግን። "ላግዝሽ?" ብሎ ሳይጠይቁ መንካት ቀረ፣ ለሞግዚቶችም ጭምር። ጠይቆ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ፣ መልሷ እስኪወጣ። መጠበቁ ከባድ ነው፣ ዝምታው አዋቂን ያስጨንቃል። ሌላው፣ ሥራ ሰጠናት። የጊዜ ጠባቂ ሆነች። ስለ እሱ ቀጥሎ ነው።

ኅዳር መጨረሻ፦ የሃይላንድ ሰዓት

ሳይክሉ ላይ ተራ ለማስያዝ "አምስት ደቂቃ" ማለት ዋጋ የለውም። ለአራት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ አይታይም። የሚታይ ጊዜ ያስፈልጋል። የአሸዋ ሰዓት ፈልገን ገበያ ወጣን፣ ያገኘነው መስታወት ነው። ስለዚህ ራሳችን ሠራን።

ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ታጥቦ ይደርቃል። ክዳኖቹ ጀርባ ለጀርባ በሙጫ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በጋለ ምስማር ሁለቱን አንድ ላይ መብሳት። የግንባታ አሸዋ በወንፊት ነፍተን ከተትን። አንድ ደቂቃ ፈስሶ ቆመ። እርጥበት ይዟል። በላሜራ ላይ ፀሐይ አስጥተን ደገምን፣ ፈሰሰ፣ ግን ትልልቅ ፍሬ ቀዳዳውን ዘጋው። በቀጭኑ የዱቄት ወንፊት ነፋነው። በጨው ሞክሩ ያሉን አሉ፣ ጨው እርጥበት ስቦ ይጋገራል። አሸዋው መጠኑ በስልክ ሰዓት እየተለካ፣ እየተቀነሰ ሦስት ደቂቃ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በሰዓቱ ተጣሉ። ማን ይገልብጥ? ጠርሙሶቹን ሳንቃ ላይ በሽቦ አስረን ሳንቃውን መሐሉ ላይ በአንድ ብሎን ግድግዳው ላይ መታነው፣ ይዞራል ግን አይነሳም። ቁመቱን ከቀጭኔ ወንበር ጋር አስተካከልነው። የምትገለብጠው እሷ ናት። አሸዋው ሲያልቅ ከጎኗ የተሰቀለችውን ቃጭል ትመታለች። ዝሆን ቃጭሉን ሰምቶ ሳይወርድ ሲቀር አንዴ የጮኸችበት ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም፦ "ው-ረድ!" ወረደ።

ወጪ፦ ዜሮ ብር፣ ብሎኑ ከዘበኛው ሳጥን።

ታኅሣሥ፦ ሽምግልናው

እስከዚህ ድረስ ጠብ እንዳይነሳ ነው የሠራነው። የሚነሳው ግን አለ። የኛ የቆየ ዘዴ የታወቀ ነው፦ ማነው የጀመረው፣ ይቅርታ በላት፣ ሳማት፣ አበቃ። አራተኛ ልጄን እያሳደግሁ ነውና ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የተገደደ ይቅርታ የሚያስተምረው ይቅርታ ቶሎ የሚያስመልጥ ቃል መሆኑን ነው። ዝሆን መታ አድርጎ፣ ሳይጠየቅ "ይቅርታ" ብሎ፣ ሳይክሉን ይዞ ይሄድ ነበር።

የወሰድነው አሠራር ሃይስኮፕ ከሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ነው። መነሻው በ1962 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ የተጀመረው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ፕሮጀክት ነው። ስድስት ደረጃ አለው፦ ረጋ ብሎ ቀርቦ የሚጎዳውን ማቆም፣ ስሜታቸውን መጥራት፣ ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ችግሩን መልሶ መናገር፣ መፍትሔ ከራሳቸው ማውጣት፣ ከዚያም አጠገባቸው ቆይቶ መከታተል። ዛፉ ሥር ሁለት ዱካ አደረግንላቸው። በኛ አገር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጉዳይ ማየት አዲስ ነገር አይደለም፣ ሞግዚቶቹ ቶሎ የገባቸው ለዚህ ይመስለኛል። ልዩነቱ ሽማግሌዋ አትፈርድም።

አንዱን እንዳለ ልጻፈው። ዝሆን የሳይክሉን እጀታ፣ ጥንቸል የኋላ ጎማውን ይዘዋል። ሞግዚቷ በርከክ ብላ ሳይክሉን መሐላቸው ያዘች።

"ሳይክሉን እኔ እይዝላችኋለሁ፣ እንነጋገር። ዝሆን፣ ተናደሃል።"

"የኔ ነው!"

"መንዳት ፈልገሃል። አንቺስ?"

"እሱ ሁልጊዜ! ሁልጊዜ እሱ!"

"አንቺም መንዳት ፈልገሻል። አንድ ሳይክል አለ፣ ሁለት ሰው አለ። ምን እናድርግ?"

ዝም። ዝሆን አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።

"እሷ ትሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቤቷ።"

ጥንቸል፦ "አልሄድም። እማዬ ሥራ ናት።"

"ቤቷ መሄድ አትችልም። ሌላስ?"

ጥንቸል ጎማውን ለቀቀች። "እኔ ትራፊክ ልሁን። ላስቁመው።"

ዝሆን አሰበበት። "እሺ።"

ሁለት ዙር ሳይዞር ራምፑ ጋ አስቆመችው። "መንጃ ፈቃድ!" የለውም። "ሳይክሉን አቁም!" ዝሆን ወርዶ "አሁን እኔ ትራፊክ" አለ። ሳይክሉ ባዶውን ቆሞ ሁለቱ ትራፊክ በመሆን ሊጣሉ ደረሱ። ስድስተኛው ደረጃ፣ አጠገባቸው መቆየት የተባለው፣ ለዚህ ነው።

ሁሌ አይሠራም። ለሁለት ዓመት ልጆች ይረዝማል፣ ለእነሱ ስሜት መጥራትና ሁለተኛ ተመሳሳይ መጫወቻ መስጠት ይሻላል። ሞግዚት ብቻዋን ስትሆን፣ ሌላው ልጅ ሽንት ቤት እየጠራ፣ ስድስት ደረጃ ቅንጦት ነው። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አድርጊ፣ ሳይክሉን ያዢ፣ ሌላው ይቆይ ተባብለናል።

ጥር፦ ፀጥ ያለው ጥግና የሥዕል ሰሌዳው

ዓሣ አራት ዓመቱ ነው። ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። ምርመራ አላደረገም፣ ስም የምንሰጠው እኛ አይደለንም፣ ለእናቱ ግን ያየነውን ከደብተሩ አንብበን ሐኪም እንድታማክር ነግረናታል። የአዳማ የበጋ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ቀኑ ለሱ ይበላሻል።

ከፍሪጅ ካርቶን ጎጆ ሠራንለት። ልጆቹ ተደግፈውት በሳምንቱ ተኛ። ቀጥሎ የጠረጴዛ ሥር ሆነ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ትራስ፣ ሁለት መጽሐፍ። 650 ብር። ከዚያ ሰማሁ፦ "ሂድ ጥግህ ግባ!" የማረፊያ ቦታው በሦስት ቀን ውስጥ እስር ቤት ሆኗል። ሞግዚት ልጅን ወደዚያ መላክ ተከለከለ፣ ልጅ ራሱ ይገባል፣ ሞግዚትም ትችላለች። አንዷ ከምሳ በኋላ ስትገባ አይተናታል፣ ምንም አላልናትም።

የሥዕል ሰሌዳው የቀኑን ቅደም ተከተል ያሳያል፦ መድረስ፣ ጨዋታ፣ እጅ መታጠብ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ መክሰስ፣ ቤት። ለዓሣ ብለን ጀመርነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ለቅሶው ይቀንሳል። ከኢንተርኔት ያወረድናቸው ሥዕሎች አልሠሩም። ምሳው ሳንድዊች ነው፣ መታጠቢያው ገንዳ ነው፣ ማንም አልለየውም። የራሳችንን ሳህን፣ የራሳችንን ባልዲ፣ የራሳችንን ፍራሽ በስልክ አንስተን አተምን። ላሚኔት ሲደረግ መብራት ያንጸባርቃል፣ ከመስኮቱ ትይዩ አትስቀሉት። ጀርባው ላይ ቬልክሮ፣ ያለቀውን ልጁ ራሱ ያነሳል። 1,480 ብር።

ካርዶቹ ሥር በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፏል። ይህ የመጣው ከእርግብ ነው። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ "አትታዘዝም" የሚል ተደጋግሞ ነበር። ኦሮምኛ አቀላጥፋ የምትናገረው ወጥ ቤቷ ናት። ወጥ ቤቷን ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ እንድትሆን አደረግናት። እርግብ በዚያው ሳምንት ከወጥ ቤቷ ቀሚስ ሥር ሆና "ደበሬ ኮ!" እያለች ተራዋን መጠየቅ ጀመረች፣ ቀጭኔም ቃጭሏን መታችላት። ችግሩ ምሳ በግማሽ ሰዓት ዘገየ። የራበው 31 ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከጥቅምቱ ደብተር እናውቃለን። ሽንኩርቱ አሁን ከዋዜማው ማታ ይላጣል፣ ዘበኛውም ይላጣል።

የካቲት፦ ወላጆች

ስብሰባ ጠራን። አንድ አባት በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት፦ "ልጅቷን እግዚአብሔር ይማራት። ግን ልጄ አካሄዷን ቤት እያስመሰለ ነው።" አስመስሏል፣ እውነት ነው። ልጆች የሚያዩትን ሁሉ ያስመስላሉ፣ የዘበኛውንም ሳል፣ የኔንም መነጽር መግፋት። በሳምንት ይተዉታል። አይተላለፍም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት በአእምሮ ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ እንጂ የሚጋባ በሽታ አይደለም። ይህን ያብራራሁት እኔ ስሆን የሰሙት ግን እናቷን ነው። ተነስታ "እኔም ሳልወልዳት በፊት እንደዚሁ ነበር የማስበው" ብላ ተቀመጠች። ሌላ አልጨመረችም።

አንድ ቤተሰብ ልጁን አስወጣ። ሁለት አዲስ ተመዘገቡ፣ አንዱ መስማት የተሳነው ነው። የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው የለንም። ከአንዲት መምህርት ጋር ለቅዳሜ ተነጋግረናል፣ ክፍያው ገና አልተቆረጠም።

መጋቢት፦ ያለንበት

የወጣው 20,180 ብር ነው። ቀሪው 4,820። ሁለተኛ ሳይክል እንግዛ የሚለው ተነስቶ ወድቋል። ሁለት ሳይክል ሲሆን ስለ ቀዩ ይጣላሉ፣ ያውም ቃጭሉ ሥራ ይፈታል። ገንዘቡ ለራምፑ መደገፊያ ብረት ይሁን ተባለ። በያጁ ቱቦላሬውን ጨምሮ 5,200 ጠየቀ። ሁለት መያዣ ይኑረው ብለናል፣ አንዱ ለአዋቂ፣ አንዱ ለልጅ ቁመት። ዋጋው ላይ እየተጨቃጨቅን ነው።

ደብተሩ ላይ 6 ሰዓት አሁን ባዶ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። የ9 ሰዓቱ አልተነካም። መክሰሱን ከመቀስቀስ በፊት ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ከሰኞ ጀምሮ ይሞከራል።

የመፀዳጃ ቤቱ በር ስፋት 62 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የቀጭኔ ጋሪ አይገባም። እስካሁን በእጅ ነው የምትታቀፈው፣ እሷም አልወደደችውም። 80 ለማድረስ ግድግዳ መፍረስ አለበት። አከራዩ "ግድግዳዬን አታፈርሱም" ብለዋል። ቅዳሜ ቡና ጠርተናቸዋል፣ በራምፑ በኩል ነው የሚገቡት።